የሙሴ ኢልግ ሐዲድና የባለአክሲዮኖቹ ወረቀት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም የአንድ ቀደምት መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ሲያዙኝ አልፍሬድ ኢልግን የመረጥሁት በአንድ የቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት መሆኑን አልሸሽግም። ለጥምቀት በዓል ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ቆላ ድባ ወርጄ ሳለሁ፣ አንድ የአክስቴ ልጅ ቡናው ካበቃ በኋላ ከሰው ለይቶ ጠራኝና ምክር ጠየቀኝ። ይህ ዘመዴ በደንብያ ሜዳ የሚመረተውን ሽንብራና በርበሬ እየሰበሰበ ወደ ጎንደር የሚጭን ነጋዴ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ታናሽ ወንድሙ ለቤት መሥሪያ እንዲሆነው ያጠራቀመለትን ገንዘብ፣ መልካም ያደረገ መስሎት፣ በአንድ የኮምፒዩተር ሥራ ኩባንያ አክሲዮን ላይ አውሎለት ነበር። አክሲዮኑም ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአምስት እጅ ዋጋው አራት እጁን አጣ። እንግዲህ የቀረውን ሽጦ ይውጣ ወይስ ይጠብቅ? መሐንዲስ በመሆኔ የቴክኖሎጂን ነገር የማውቅ መስሎት የጠየቀው እኔን ነው።

እኔም ሳላስብበት፣ ቴክኖሎጂው ጥሩ እስከ ሆነ ድረስ ዋጋው ተመልሶ መነሣቱ እንደማይቀር ነግሬ እንዲጠብቅ መከርሁት። ከቆላ ድባ ወደ ጎንደር በሚመልሰኝ መኪና ውስጥ ሠላሳ አምስቱን ኪሎ ሜትር ስጓዝ ግን የሰጠሁት መልስ ይከነክነኝ ጀመር። አንድ ድልድይ ይህን ያህል ጭነት ይችል እንደሆነ የተጠየቀ መሐንዲስ፣ ብረቱ ጥሩ ብረት ነው ብሎ አይመልስም፤ ርዝመቱን፣ መሠረቱን፣ የሚያልፍበትንም ጭነት ይጠይቃል። እኔ ያደረግሁት ግን ብረቱን ማመስገን ብቻ ነበር። የዘመዴ ቤት መሥሪያ በዚህ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ በገዛ ሥራቸው ላይ ያዩት፣ በሥራው እውነተኛነት ያልተሳሳቱ፣ በኩባንያው ዕድል ግን የተረቱት ሰው ሙሴ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ በ1854 በስዊትዘርላንድ በፍራወንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበልልኝ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምረው ጥቂት ጊዜ በሙያቸው እንደ ሠሩ፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያዎች መፈለጋቸውን ሰሙ። ጥያቄው የደረሰው በየመኑ የኤደን ወደብ ይነግድ በነበረ አንድ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ነው። ኢልግ ሁለት የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው በ1878 ከአገራቸው ተነሡ፤ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው የሚያሳልፍ መንገድ እስኪከፈትላቸው ብዙ ወራት ከቆዩ በኋላ በ1879 መጀመሪያ ላይ አንኮበር ገቡ። ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነበር ተብሎ ይነገራል። ይህ ለፖሊቴክኒክ ምሩቅ እንደ ስድብ ሊቆጠር የሚችል ትእዛዝ ቢመስልም፣ ኢልግ ሠርተው አቀረቡ፤ ሌላም ሌላም ሲታዘዙ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው ሥራ ሙያቸውን የሚመጥን ሆነ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ለዚያም የሚያስፈልገው ግንድ በሰው ትከሻ ከሩቅ ተጓጉዟል። በ1894 ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ አስገቡ። ውሃ በገዛ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል ብሎ ያመነ የግቢ ሰው ጥቂት ነበርና፣ ቧንቧው ሲፈስ የታየው መደነቅ ከብዙ ስብከት የበለጠ ለምሕንድስና ወዳጅ አፍርቷል። የምኒልክ መልክ ያለበት ገንዘብና የመጀመሪያዎቹ የፖስታ ቴምብሮች በፓሪስ ሲታተሙም የኢልግና የፈረንሳዊው ነጋዴ የሊዮን ሸፍኔ እጅ አለበት። ሐረር ላይ ይነግድ ከነበረው ገጣሚ ከአርተር ሬምቦ ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እንደሚያሳዩት ደግሞ፣ ኢልግ የሸቀጥ ዋጋና የግመል ኪራይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የምድር ባቡር ሐሳብ የተወለደው ከሒሳብ እንጂ ከሕልም አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነበር። ከባሕር ዳርቻ እስከ ሸዋ ድረስ ቅፍለት ስድስት ሳምንት ያህል ይጓዛል፤ ከብቱ በመንገድ ያልቃል፤ ዕቃው ይዘረፋል ወይም በዝናብ ይበላሻል፤ ቡናና ቆዳ ወደብ እስኪደርስ ድረስ ዋጋውን መንገዱ ይበላዋል። ይህን መንገድ በቀናት የሚያሳጥር ሐዲድ ቢዘረጋ ጭነቱ ለሐዲዱ ከፍሎ ለነጋዴውም ያተርፋል። ኢልግ ይህን ለብዙ ዓመታት ሲያስረዱ ቆይተው፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1894 የኮንሴሲዮን ውል ተፈረመላቸው። ውሉ ለ99 ዓመት የሚቆይ ሲሆን ሐዲዱ በሦስት ክፍል እንዲሠራ ይፈቅድ ነበር፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። የእኛ ደንብያ በዚህ ካርታ ውስጥ አልነበረም። የቆላ ድባ በርበሬ በአህያ ጀርባ መጓዙን ቀጠለ።

ውሉ በእጅ ከገባ በኋላ የቀረው ገንዘብ ነበር፤ ገንዘቡም ከውሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነ። የፈረንሳይ ቆጣቢ ሕዝብ ገና ከአንድ ትልቅ ቁስል አላገገመም። የስዌዝን ቦይ ያስቆፈሩት ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ በፓናማም ሌላ ቦይ አስቆፍራለሁ ብለው ኩባንያ አቋቁመው፣ ኩባንያው በ1889 ሲፈርስ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ባለገንዘቦች ጥሪታቸውን አጥተዋል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ወደ ጦርነት እያመራች ነበር። የዚህ ዓይነት አገር አክሲዮን ማን ይገዛል? የዐድዋ ድል በ1896 ነገሩን ለወጠው። በእኔ ግምት ከድሉ በኋላ የተለወጠው ሐዲዱ የሚሸከመው ጭነት አይደለም፤ የአውሮፓ ባለገንዘብ ስለ ኢትዮጵያ ያለው ስሜት ነው። አንድ ቶን ቡና እንኳ ሳይጨመር ተስፋው ጨመረ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያ በፓሪስ ተቋቋመ፤ በ1897ም ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ።

በዚሁ በ1897 ምኒልክ ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሟቸው። ከዚህ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የውጭ ጉዳይ ሥራ በአብዛኛው በእጃቸው አለፈ። ሹመቱ ለሰውየው ክብር ነው፤ ለኩባንያው ግን አንድ የተደበቀ ስንጥቅ ይመስለኛል። የኮንሴሲዮኑ ባለቤትና የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ አንድ ሰው ከሆነ፣ ኩባንያው ሲያጠፋ ለንጉሡ ማን ይነግራቸዋል? ኢልግ ሁለቱንም ወገን በቅንነት ለማገልገል መሞከራቸውን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከሁለት በኩል የሚጎተት ብሎን ቀስ በቀስ መላላቱ የታወቀ ነው።

ስለ ሐዲዱ ሥራ በሙያችን ብዙ ማለት ይቻል ነበር። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን፣ መስመሩ ከጅቡቲ እንደ ወጣ ወዲያው በደረቅ ሸለቆዎች ላይ መሻገር ነበረበት፤ የሸበሌና የሆልሆል የብረት ድልድዮች የዚያ ዘመን ድካም ምስክሮች ናቸው። ውሃ አልነበረም። የአካባቢው ሰዎች መሬታቸው ያለ ፈቃዳቸው በመቆረጡ በሠራተኞች ላይ አደጋ ይጥሉ ነበር። ምስጥ እንጨት ስለሚበላ ሐዲዱ የተጋደመው በብረት ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከታሰበው በላይ ወጪ አስከተለ። ወደ ሐረር መውጣትም ተራራው ስላስቸገረ፣ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነና በዚያ ስፍራ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ባቡር በታኅሣሥ 1902 ድሬዳዋ ገባ። መስመሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ግን ኩባንያው በውስጡ ሌላ ኩባንያ ሆኖ ነበር። ገንዘብ ባለቀ ቁጥር ኢልግና ሸፍኔ አዲስ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ አዲሱም ገንዘብ ያለ ዋጋ አይመጣም። መጀመሪያ የመጣው ከለንደን ነበር፤ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች በአክሲዮኑና በዕዳው ውስጥ እየገቡ በ1901 አንድ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ይህን ያዩ የፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ወገኖች ጮኹ፤ የፓሪስ መንግሥትም በየካቲት 1902 ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ለመደጎም ተዋዋለ። በለውጡ መንግሥቱ በኩባንያው አሠራር ላይ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ለባለአክሲዮኑ ይህ የምሥራች ይመስል ነበር። የአንድ ታላቅ መንግሥት ግምጃ ቤት ከኋላው ቆሟልና።

ምኒልክ ዜናውን የሰሙት ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። ለአንድ የግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በእርሳቸው መሬት ላይ የውጭ መንግሥት ንብረት ሊሆን መቃረቡን ሲረዱ እጅግ ተቆጡ፤ ከድሬዳዋ ወዲህ አንድ ሜትር ሐዲድ እንዳይዘረጋም ፈቃዳቸውን ነፈጉ። በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ውሃ የገቡትን ግዴታ፣ በዚያው ውልም ለእንግሊዝ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት የማሳለፍ መብት መስጠታቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዓመት አንዱን ኃያል በሌላው ለመመዘን መገደዳቸው ግልጽ ነው። ከቆላ ድባ ደጅ ያለው ጣናና ከድሬዳዋ ጣቢያ የቆመው ባቡር በአንድ ሚዛን ላይ ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢው ራሱን በ1903 በፓሪስ ከሚኖር አንድ ባለአክሲዮን ቦታ ያስቀምጥ። የገዛው ወረቀት ከፍ ባለ ተስፋ የተሸጠ ነበር፤ አሁን ገዢ አጥቷል። ይጠብቅ ወይስ ይሽጥ? የሚያጽናናው ነገር ብዙ ነው። ሐዲዱ ተሠርቷል፤ ባቡሩ ይሄዳል፤ የሐረር ቡና በበቅሎ እየወረደ ድሬዳዋ ላይ ይጫናል፤ ከተማዋ ታድጋለች፤ የኢልግ የመጀመሪያ ሒሳብ ስሕተት የለበትም። በቆላ ድባ ለዘመዴ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። ከዚህ ያለፈ ነገር አላየሁም።

ያላየሁት ነገር ግን የሚከተለው ነው። የባቡር መስመር ወጪው በኪሎ ሜትር፣ ገቢው ግን በመድረሻው ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ኋላ ሲጠናቀቅ 784 ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ ድሬዳዋ ላይ የቆመው ከዚህ ከመቶ 40 ያህሉ ነው። ይሁንና ከመቶ 40 መንገድ ከመቶ 40 ገቢ አያስገባም። የተሠራው ክፍል አብዛኛው በረሃ ነው፤ ጭነቱ ያለው ባልተሠራው በኩል ነው። ወንዝ መሐል የቆመ ድልድይ እንደ ማለት ነው፤ ግማሹ ተሠርቷል፤ የሚያሻግረው ግን ማንንም አይደለም። ኩባንያው ሠራተኛውን፣ ከሰሉን፣ የዕዳውን ወለድ በየወሩ ይከፍላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ መስመሩ አንድ ቀን ያተርፋል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያቆየው ገንዘብ በማን እጅ ነው የሚለው ነበር። የሚቀጥለው ፈቃድም በምኒልክ ግቢ እንጂ በኩባንያው ቢሮ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ኩባንያ ሲፈርስ መጀመሪያ የሚከፈለው አበዳሪው ነው፤ ባለአክሲዮን የሚበላው ከማዕዱ ከተረፈው ነው። ኩባንያው ራሱን ለማዳን የተበደረው ገንዘብ ሁሉ ከባለአክሲዮኑ ፊት የሚሰለፍ ሌላ ሰው ይጨምር ነበር።

ሦስት ዓመት በዚህ ሁኔታ አለፈ። እንግሊዞች ሐዲዱ የብዙ መንግሥታት የጋራ ይሁን ይላሉ፤ ፈረንሳዮች እምቢ ይላሉ። በ1905 ምኒልክ የመንግሥታቱን ወኪሎች ሰብስበው፣ መስማማት ካልቻሉ ሐዲዱን ራሳቸው እንደሚያሠሩት አስታወቁ። በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ጉዳይ ሲዋዋሉ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ለፈረንሳይ ወገን ተተወ። ለቴክኖሎጂው ይህ መዳኛው ነበር፤ ለኩባንያው ግን ዘግይቶ የመጣ መዳኛ ነው። ገንዘቡ አልቆ በ1907 ኩባንያው ፈረሰ። በጥር 1908 ምኒልክ አዲስ ኮንሴሲዮን ለሐኪማቸው ለጉዋዴሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታሊየን ሰጡ፤ ከዚያም የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የተባለው አዲስ ድርጅት ተቋቁሞ ሐዲዱን ተረከበ፤ ሥራውንም ቀጠለ። የድሮው አክሲዮን የዚያ ሐዲድ ባለቤትነት ማስረጃ መሆኑ በዚህ አበቃ። ሐዲዱ ያው ሐዲድ ነው፤ ድልድዮቹም ያው ናቸው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሆነ።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከላይ ያነሣሁት የፓናማ ቦይ በመጨረሻ በአሜሪካኖች ተቆፍሮ በነሐሴ 1914 ተከፍቷል። አሜሪካኖቹ የቀድሞውን ሥራና መብት የገዙት በ40 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህም የሌሴፕስ ባለአክሲዮኖች ካፈሰሱት ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ቦዩ አተረፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች አላተረፉም።

በቅርቡ ዘመንም የሆነው ተመሳሳይ ነው። በመጋቢት 2000 የአሜሪካ የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች መለኪያ የሆነው ናስዳክ ከ5,000 በላይ ደርሶ፣ በጥቅምት 2002 ወደ 1,100 ገደማ ወረደ፤ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2015 ነው። በዚያ ውድቀት ውስጥ የነበሩት ኩባንያዎች ዕጣ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ግሎባል ክሮሲንግ የተባለው የባሕር ውስጥ ኬብል ዘርጊ በ2002 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ኬብሎቹ አገልግሎት ሲሰጡ ኖሩ፤ የቀድሞ ባለአክሲዮኖቹ ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይህ የኢልግ ኩባንያ ወንድም ነው። አማዞን ከመቶ 90 በላይ ወድቆ በ2009 ወደ ከፍታው ተመለሰ፤ ከዚያም አልፎ ሄደ። ሲስኮ ደግሞ አልፈረሰም፤ ሥራው ሰፋ፤ ትርፍም አስገባ፤ ዋጋው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ወደ 2000 ከፍታው አልተመለሰም። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስተምረው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ጥፋቱ የኩባንያው ሳይሆን የመጀመሪያው ዋጋ ነበር። ገዢዎቹ የሃያ ዓመት ትርፍ በአንድ ቀን ከፍለውበታል።

ፈጥኖ ያገገመም አለ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2022 ከዋጋው ከመቶ 64 ያህል አጥቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሁለት እጥፍ በላይ ተነሣ። ይህ ኩባንያ በወደቀበት ዓመት ጭምር ብዙ ትርፍ ያስገባ ነበር፤ ለመቆየት ሲል ባለቤትነቱን ለሌላ አላካፈለም። መስመሩ መድረሻው ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው። የኢልግ ኩባንያ ግን ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር።

አንድ የሒሳብ ነገር ደግሞ አለ፤ ለመሐንዲስ መንገር ባያስፈልግም እኔ ራሴ ለዘመዴ ሳልነግረው የቀረሁት ነው። 100 ብር የነበረ አክሲዮን ከመቶ 80 ቢወድቅ 20 ብር ይሆናል፤ ወደ 100 ለመመለስ አምስት እጥፍ መሆን አለበት። ከመቶ 90 የወደቀው ደግሞ አሥር እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ የገዛበትን ዋጋ እያሰበ የሚጠብቅ ሰው ስለ ኩባንያው ሳይሆን ስለ ራሱ ቁስል እያሰበ ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ዛሬ ይህ 20 ብር በእጄ ቢኖር ይህንኑ አክሲዮን እገዛበት ነበር ወይ የሚለው ነው። ለዘመዴ በስልክ ደውዬ ይህን ስጠይቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ኩባንያው ትርፍ ያስገባ እንደሆነ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ከወደቀ ወዲህ አዲስ አክሲዮን አውጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አንዱንም አያውቅም። ወንድሙን ይጠይቅ ዘንድ ነገርሁት፤ የመጀመሪያውን ምክሬንም አነሣሁ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለአባላቱ ከዘመዴ ያልተናነሰ ይመለከተናል። በአገራችን የአክሲዮን ልውውጥ በ1960ዎቹ በብሔራዊ ባንክ ሥር ተጀምሮ ከ1974 አብዮት ጋር ተቋርጦ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው ከመቶ 10 የሚሆነውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ አቅርቧል። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል የገዙ አሉ። ዋጋ የሚወጣበትና የሚወርድበት ገበያ ሲለመድ፣ የወረደ የቴክኖሎጂ አክሲዮን ይነሣ እንደሆነ የሚጠየቁት መሐንዲሶች ይሆናሉ። እኛም እንደ እኔ ብረቱን ብቻ ማመስገን ይቃጣን ይሆናል።

ወደ ሙሴ ኢልግ ልመለስ። ከ1902 በኋላ በግቢ የነበራቸው መታመን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከፈረንሳይ ጋር ለተደረገው ውል ንጉሠ ነገሥቱ ኢልግን ምን ያህል እንደ ወቀሷቸው ማንም በትክክል ሊመዝነው አይችልም፤ ሆኖም አማካሪው ያላስጠነቀቁበት አደጋ በደረሰ ጊዜ የሚፈጠረውን ቅሬታ መገመት አያዳግትም። ፈቃዱን ያገኙት እርሳቸው፣ ሐሳቡን የወለዱት እርሳቸው፣ ገንዘቡን ለመፈለግ ከዋና ከተማ ዋና ከተማ የዞሩት እርሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ሥራው በሌላ ሰው ስም በተሰጠ ውል ቀጠለ። ኢልግ በ1907 የአማካሪነት ሥራቸውን ለቀው፣ በ1895 ካገቧት ከሚስታቸው ከፋኒና ከልጆቻቸው ጋር ኑሯቸውን በዙሪክ አደረጉ። ወደ ሠላሳ ዓመት ከሚጠጋ አገልግሎት በኋላ ይዘዋቸው የተመለሱት የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ውጤቶችና ፎቶግራፎች በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

አዲሱ ኩባንያ ሐዲዱን ከድሬዳዋ ወዲህ እየገፋ፣ የአዋሽን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ኢልግ በዙሪክ ሆነው ወሬውን ይሰሙ እንደነበር አያጠራጥርም። ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 አረፉ። ኢልግም በጥር 1916 በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። የመጀመሪያው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በስድስት ሳምንት የሚያልቀው መንገድ በጥቂት ቀናት ያልቅ ጀመር፤ ቡናውና ቆዳውም ኢልግ በወጣትነታቸው እንዳሰሉት በሐዲዱ ላይ ይወርድ ጀመር። መስመሩ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ለአዲሶቹ ባለቤቶቹ መልካም ገቢ ሰጥቷል። የመጀመሪያው ኩባንያ አክሲዮኖች ደግሞ ዛሬም በአውሮፓ ይሸጣሉ፤ የሚገዟቸው ግን ስለ ሥዕላቸው ሲሉ አሮጌ ወረቀት የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው።